ከነኢንተርኔቱ

«ፓስወርዱን ቀይረው አልኩህ እኮ! ክፍሉን አከራየናት እንጂ ጣጣዋን ልንሸከምላት ቃል ገባንላት?»

ካሰች ይህን የሰማችው ከምድር በታች ባለው ቤዝመንት ውስጥ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ አንዱን ካልሲ አጥልቃ ሌላውን በእጇ እንደያዘች ነው። የዚያ ቤት የማሞቂያ ቧንቧ ከላይ ከኩሽናው ተነስቶ ከራስጌዋ በላይ ባለችው ቀዳዳ ያልቃል፤ ሙቀቱን እንደሆነ መንገድ ላይ ጨርሶት ነው የሚመጣው፣ ወሬውን ግን ጠብ ሳያደርግ ያወርዳል። ድምፁ የእትዬ ንግስት ነበር። ባለቤታቸው ጋሼ ገብረየስ ምን እንደመለሱ አልተሰማም፤ እሳቸው ድሮም ለሚስታቸው የሚመልሱት በሳል ነው። ከዚያ የመኪና ቁልፍ ተንኮሻኮሸ፣ በሩ ተዘጋ፣ እትዬ ንግስት ወደ ሥራቸው ሄዱ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የካሰች ስልክ ላይ የዋይፋይዋ ምልክት ጠፋች። የምታውቀውን ፓስወርድ አስገባች፣ ስህተት ነው አላት። ደግማ አስገባች፣ ስህተት ነው አላት። ወይ ጉድ! ሰው ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ እንዲህ ይደረጋል?

ሌላ ቀን ቢሆን ንቃ ትተወው ነበር። ዛሬ ግን የሚተው ቀን አልነበረም። ካሰች ዳውንታውን ዲሲ፣ ምድር ቤት ውስጥ ባለ አንድ ፓርኪንግ፣ አሥራ አንድ ዓመት ካሸር ሆና ሠርታለች። በጃንዋሪ የመስታወት ክፍሏን አፍርሰው ካርድ የሚውጥ ማሽን ተከሉበትና «ለአገልግሎትሽ እናመሰግናለን» ብለው ሸኟት። ማሽኑን ሰው እስኪለምደው ሁለት ሳምንት አጠገቡ ቆማ ያስተማረችው እንኳ እሷው ናት፤ በገዛ እጇ! ከዚያ ወዲህ ሆስፒታል ለሚሄዱ ሐበሾች በስልክ የሚያስተረጉም ድርጅት አገኘች፤ ፈተናውን ሁለቴ ወድቃ በሦስተኛው አለፈች። በሰዓት አሥራ ስድስት ዶላር፣ ከቤት የሚሠራ፣ ጭስ የሌለበት፣ በአርባ አራት ዓመቷ ተቀምጣ የምትሠራው የመጀመሪያ የክብር ሥራ። ሥልጠናው ሰኞ ነው። ድርጅቱ የሚለው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ በር ያለው ክፍልና በሽቦ የሚገባ ኢንተርኔት። የሞባይል አይሆንም፣ ላይብረሪ አይሆንም፣ ዋይፋይ አይሆንም። የታማሚ ነገር ስለሆነ መስመር መሀል ላይ ተቆርጦ ሐኪሙ ያለው ግማሹ ብቻ ቢሰማ ሰው ይሞታል። መስመሩ እንዳላት ወይም ማዘዟን የሚያሳይ የማረጋገጫ ቁጥር እስከ ዛሬ ዓርብ፣ በፈረንጁ ሰዓት እስከ አምስት፣ ካላሳወቀች ቦታዋ ለተጠባባቂ ይሰጣል። የሚቀጥለው ሥልጠና ኦክቶበር ነው። ዛሬ ሜይ ዘጠኝ ነው። እስከ ኦክቶበር ድረስ ምን ተበልቶ፣ በምን ተከራይቶ?

ደግሞ እኮ ቤዝመንቱን ስትከራይ «ከነኢንተርኔቱ» ነው የተባለችው። ስድስት መቶ ዶላር፤ መብራቱ፣ ውሃው፣ ኢንተርኔቱ ከውስጡ። ጋሼ ገብረየስ የእናቷ የአክስት ልጅ ናቸው፤ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች በሚሰጥ አፓርታማ ተራዋ ደርሶ ሴፕቴምበር አንድ ቁልፍ እስክትቀበል ድረስ ሲልቨር ስፕሪንግ እሳቸው ቤት ትክረም ተባለ። ሽቦውን ከላይ በግድግዳው አሳልፈው ሊያወርዱላት ቃል ከገቡ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። «ነገ፣ ካሱዬ። ቅዳሜ፣ ካሱዬ። ከፋሲካ በኋላ፣ ካሱዬ።» ፋሲካው አለፈ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

ስለዚህ የሰውን ደጅ ከመጥናት የራሴን አስገባለሁ ብላ ጠዋት በፈረንጁ ስምንት ሰዓት ላይ ለኢንተርኔት ድርጅቱ ደወለች። ሃያ ሁለት ደቂቃ ሙዚቃ አሰሟት። ከዚያ አንድ ልጅ፣ ድምፁ ማር የሆነ፣ «ሁለት ዓመት ኮንትራት ከፈረምሽ በወር ሰላሳ ዘጠኝ ዶላር ከዘጠና ዘጠኝ» አላት። የምቀመጠው አራት ወር ነው አለችው። ለቀሩት ሃያ ወራት በየወሩ አሥር ዶላር መቀጫ ከፍለሽ ማቋረጥ ትችያለሽ አላት። ለማልኖርበት ቤት? አዎ። በዚህ አገር ሰው ወይ ሁለት ዓመት ይቀመጣል ወይ አልተፈጠረም። ያለ ኮንትራትስ? በወር ስድሳ ዘጠኝ ከዘጠና ዘጠኝ፣ መግጠሚያው ዘጠና ዘጠኝ። ካሰች ጥርሷን ነክሳ እሺ አለች። ስሟን ሰጠች፣ ልደቷን ሰጠች፣ የካርዷን ቁጥር ሰጠች፣ አድራሻውን ሰጠች። እዚያ ላይ ልጁ፦ በዚህ አድራሻ አካውንት አለ፣ ሁለተኛ መስመር የምናስገባው ተከራይ መሆንሽን የሚያሳይ ሊዝ፣ የኪራይ ውል፣ ወይም የቤቱ ባለቤት የፈረመበት ደብዳቤ ስትልኪልን ነው፣ በስልክሽ ፎቶ አንስተሽ ብትልኪውም ይበቃል፣ ወዲያው የማረጋገጫ ቁጥር እንሰጥሻለን አላት። ሊዝ አለሽ አይደል?

ሊዝ የላትም። የሌላትም በራሷ አፍ ነው። የገባች ቀን ጋሼ ገብረየስ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ወረቀት ነገር እንጻፍ ይሆን?» ሲሉ ያቋረጠቻቸው እሷ ናት። «ጋሼ! በእኔና በእርስዎ መሀል ወረቀት? ሰው ቢሰማስ! እንዲያው ነውር አይሆንም?» ብላ፣ ደረቷን መትታ፣ እንደ ጨዋ ልጅ። ጋሼ ገብረየስም ደስ ብሏቸው ግንባሯን ሳሟት። ለባዕድ ቢሆን ኖሮ ሦስት ገጽ አስፈርማ፣ ቅጂውን ይዛ ነበር የምትገባው። አሁን ያቺን ጨዋነቷን ብታገኛት በጥፊ ባጮለቻት።

ወደ ላይ ወጣች። ጋሼ ገብረየስ የኤርፖርት ሚኒባስ የሚነዱት ከማታ ስለሆነ ጠዋት ቤት ናቸው፤ በፒጃማ ኩሽና ተቀምጠው ዳቦ በሻይ ይነክራሉ። ፍሪጁ አናት ላይ ኢንተርኔቱን የሚያድለው ራውተር አረንጓዴ መብራቱን ብልጭ ድርግም ያደርጋል። ልጃቸው ቤዛዊት ኮሌጅ ፓርክ ዩኒቨርሲቲ ፈተናዋን ጨርሳ ከመጣች ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ ጆሮዋ ላይ የሰካችውን ሳታወልቅ ጎድጓዳ ሳህን ይዛ መጣች፣ ካሰችን ስታይ ዓይኗን ወተቱ ላይ ጣለች። ካሰች ስለ ፓስወርዱ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። እሳቸውም አልተነፈሱም። ሁለቱም የሚያውቁት ነገር መሀላቸው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ፣ ሁለቱም እንዳላዩት ሆኑ። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ» አለች፤ «ካሰች ቤዝመንቱን ተከራይታ ትኖራለች፣ የራሷን መስመር ብታስገባ ፈቅጃለሁ የምትል ሁለት መስመር ወረቀት ይፈርሙልኝ። እኔ ጽፌ አመጣልዎታለሁ።»

ጋሼ ገብረየስ ዳቦው ሻዩ ውስጥ ሟሙቶ እስኪወድቅ ድረስ አሰቡ። «ወረቀት?» አሉ። «ካሱዬ፣ ዘመድ አይደለን እንዴ? ራስሽ አይደለሽ ነውር ነው ያልሽው?» ቀጥለው ቤዝመንቱ ካውንቲው፣ የአካባቢው አስተዳደር፣ ዘንድ እንዳልተመዘገበ፣ ነገር ከተነሳ ጣጣው ብዙ እንደሆነ፣ ለማንኛውም ማታ ንግስትን እንደሚያማክሯት ተናገሩ። ማታ ነው የሚሉት! እስከ አምስት ሰዓት ነው ያለኝ አለቻቸው። ሳሉ። ቤዛዊት ሳህኗን ሳትጨርስ አስቀምጣ ወጣች። ካሰች በጉልበታቸው ልትወድቅ ምንም አልቀራት፤ ግን አንዳች ነገር ያዛት። እሺ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ አለች። ምን እንደሰጧት እግዜር ይወቀው።

የቀራት አንድ ወንድሟ ነው። ዓባይነህ አሌክሳንድሪያ ይኖራል፤ በእሱ አድራሻ፣ በእሱ መስመር ተመዝግባ ከሰኞ ጀምሮ እዚያ እየተመላለሰች ብትሠራስ ብላ ላፕቶፗን በዘንቢል ከታ ወጣች። ከሲልቨር ስፕሪንግ በቀዩ ባቡር፣ ጋለሪ ፕሌስ ወርዶ በቢጫው፣ ኪንግ ስትሪት ወርዶ በአውቶብስ፤ መሄጃው ብቻ ሰባት ዶላር ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ዓባይነህ ታክሲ ሲነዳ አድሮ ከመኝታው ተነስቶ ነበር፤ በግማሽ ዓይኑ በሩን ከፈተላት። ሁለት መኝታ ቤት ነው። ሚስቱ ሄለን ሳሎኑን የሕፃናት መዋያ አድርጋዋለች፤ የእሷ ሁለት ልጆች፣ የጎረቤት አራት፣ አንዱ ያለቅሳል፣ አንዷ ከበሮ አግኝታለች። አንደኛው መኝታ ቤት ውስጥ ሕፃናት ይተኛሉ፣ በሌላኛው ቀን ቀን ዓባይነህ ይተኛል። በር ተዘግቶ ብቻ የሚኮንበት ቦታ መታጠቢያ ቤቱ ነው። «እዚያ ወንበር እናስገባልሻለና፣ እታለም!» አለ ዓባይነህ፤ ከልቡ ነው፣ እሱ ያለውን አይሰስትም። ካሰች መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ዘግታ የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። አንዲት ሴትዮ ጡቷ ላይ የተገኘውን ነገር ሐኪሙ ሊነግራት ነው። «ይቅርታ እመቤቴ» ትላለች ካሰች፣ ከበስተኋላዋ ከበሮ። ከዚያ ትንሽ እጅ በሩን ደበደበ፦ ሽንቴ መጣ! አይሆንም። ሥራ ብላ የምትሳልለትን ነገር በገዛ እጇ ልታረክሰው ነው እንዴ?

ሄለን ከተፍ ብላ ምሳ አቀረበች። ካሰች አልበላም አለች። የጠዋቱን ስትነግራቸው፣ ፓስወርዱንም ጨምራ ስትነግራቸው፣ ባልና ሚስቱ ተያዩ። ይህቺን መተያየት ካሰች ታውቃታለች፤ ለቅሶ ለመርዳት የመጣ ሰው ነው እንዲህ የሚተያየው።

«እታለም፣ አትቆጪና…» አለ ዓባይነህ፣ «ፊልሙን ግን እውነት አውርደሽ ነበር?»

«የምን ፊልም?»

ሄለን በክርኗ ጎሰመችው። ረፍዷል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ለእነ ጋሼ ገብረየስ ከኢንተርኔቱ ድርጅት ደብዳቤ መጥቷል፤ ከቤታችሁ ሰው ፊልም ሰርቆ አውርዷል የሚል። እንግሊዝኛውን አንብባ የነገረቻቸው ለፋሲካ ቤት መጥታ የነበረችው ቤዛዊት ናት። እትዬ ንግስት፣ ቤት ውስጥ አዲስ የገባች ማን ናት ብለው ራሳቸው ጠይቀው፣ ራሳቸው መልሰው፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው እሁድ ከቅዳሴ ሲወጡ ለአንዷ ነገሯት። ያቺ ለሄለን ነገረቻት። «ካሰች በሰው ቤት ሌብነት ሠርታ ጋሼ ገብረየስ ላይ ክስ መጣባቸው፤ ቤታቸውን ሊወስዱባቸው ነው» ሆኖ ነው አሌክሳንድሪያ የደረሰው። በዚህ በኩል አናንዴል፣ በዚያ በኩል የድሮ ሰፈሯ ኮሎምቢያ ሃይትስ ሳይደርስም አይቀርም። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ፤ የካሰች መስከረም በሜይ ጠባላት። ፊልም ማውረድ ቀርቶ ቴሌቪዥኑን ለመክፈት ሰው የምትጠራ ሴት!

ደሟ ፈላ።  ግን መጀመሪያ የመጣባት እትዬ ንግስት አልነበሩም። «አንተ» አለችው ወንድሟን፤ «ይህን ሰምተህ ሁለት ሳምንት ዝም አልከኝ?» ዓባይነህ ራሱን አከከ። እንዳትቀየሚ ብዬ ነው አለ። እንዳትቀየም! በየቤቱ ሌባ ስትባል ከምትሰማው፣ ሌባ ስትባል ባትሰማው ይሻላል ብሎ! እሷ ያሳደገችው፣ ጫማ ገዝታ ትምህርት ቤት የላከችው ልጅ፣ ውሸት ነው ብሎ በአንዱ አፍ ላይ አልጮኸም። ደውሎም እውነት ነው ወይ አላላትም። ዛሬም የጠየቃት በሩ ላይ ስለቆመችበት ነው። ዘንቢሏን አነሳች። ሄለን ጠብቂ በመኪና ያድርስሽ ብትል፣ አልፈልግም አለች። ከአውቶብስ ወደ ቢጫው፣ ከቢጫው ወደ ቀዩ ስትሳፈር መንገዱን አላየችውም። የሰሞኑን ፊታቸውን ነበር የምታየው፤ ደረጃ ላይ ሲገናኙ ቦርሳቸውን ወደ ደረታቸው የሚስቡት እትዬ ንግስት፤ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ሲገቡ የሚያስሉት ጋሼ ገብረየስ። እሷ ደግሞ ምን አጠፋሁ ብላ ደረጃውን ስትጠርግላቸው፣ በረዶ የመታውን አትክልት ስትነቅልላቸው! 

ቤት ስትደርስ በፈረንጁ አራት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ቀርቶታል። የእትዬ ንግስት መኪና በር ላይ ቆሟል። ወደ ቤዝመንቱ አልወረደችም፤ በፊት ለፊቱ በር ገባች፣ ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ሦስቱም ኩሽና ነበሩ። እትዬ ንግስት የአረጋውያን መጦሪያ የሥራ ልብሳቸውን ሳያወልቁ ሽንኩርት ይልጣሉ፣ ጋሼ ገብረየስ ሊወጡ ሸሚዛቸውን ይቆልፋሉ፣ ቤዛዊት ስልኳን ትነካካለች።

«ደብዳቤውን አሳዩኝ» አለች ካሰች። ሰላም አላለችም።

«የምን ደብዳቤ?» አሉ እትዬ ንግስት።

«ሌባ ያደረጋችሁኝን።»

ቢላዋው ቆመ። እትዬ ንግስት ማን ነገረሽ፣ የሰው ወሬ፣ እኔ እንደሱ አላልኩም፣ እያሉ ቃል ሲያገላብጡ፣ ጋሼ ገብረየስ ተነሱ። በሚስታቸው ፊት ሳይሳሉ የሠሩት ነገር ይሄ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። መሳቢያውን ከፈቱ፣ ከመብራትና ከውሃ ደረሰኝ ሥር አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ሰጧት። ሁለት ገጽ ነው። ካሰች ቆማ አንዴ ለራሷ አነበበችው። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ጀርባዋን አቀናች፣ እጆቿን አጣምራ ጠረጴዛው ላይ አደረገች። በፈተናው እንዲህ ነው የተቀመጠችው። የአስተርጓሚ ሕጉ አንድ ነው፦ አትጨምርም፣ አትቀንስም፣ ተናጋሪው «እኔ» ካለ እሷም «እኔ» ትላለች።

«አሁን አስተረጉምላችኋለሁ» አለች። «ውድ ደንበኛችን። በእርስዎ አካውንት አማካይነት አንድ ፊልም ያለ ባለመብቱ ፈቃድ መውረዱ ለእኛ ተነግሮናል። ስምዎንና አድራሻዎን ለማንም አልሰጠንም። ይህ ደብዳቤ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው፤ ከእርስዎ የምንጠብቀው ክፍያ የለም። ቤተሰብዎን እንዲያነጋግሩ እንመክራለን።» ቀና ብላ አየቻቸው። ክስ የሚል ቃል አልነበረበትም። ቤት የሚል ቃልም አልነበረበትም። ድምፅዋ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። «የፊልሙ ስም» ብላ ስለ ዞምቢ የሚያወራውን ርዕስ አነበበች። «የወረደበት ቀን፦ ፌብሯሪ ሃያ ሁለት፣ ሁለት ሺህ አሥራ አራት።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፣ በጣቷ ቀኑ ላይ ያዘችው። «እኔ እዚህ ቤት የገባሁት ኤፕሪል አንድ ነው፤ ዝናብ ነበር፣ ፍራሼን ጋሼ ናቸው አብረውኝ ያወረዱት። ፌብሯሪ ላይ ኮሎምቢያ ሃይትስ ነበርኩ። የዚህን ቤት መንገዱንም አላውቀውም ነበር።»

  ከዚያ ጋሼ ገብረየስ ቀስ ብለው ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ቤዚ?» አሉ። ቤዛዊት በእንግሊዝኛ ጀመረች፤ እኔ ካሰች ናት አላልኩም፣ እናንተ ናችሁ ያላችሁት፣ እኔ ዝም ነው ያልኩት አለች። ዝም ነው ያልኩት! ካሰች ልጅቷን አየቻት፤ ዘጠና አምስት ከመቶ የሚያመጣ ጭንቅላት፣ የእናቷን ፊት ፈርቶ የሰው ስም ለሁለት ሳምንት በየደጁ ሲጎተት የሚያይ ጭንቅላት። ዛሬስ እሷ ብቻ ናት ዝም ያለችው? ዓባይነህ ዝም ብሏል፣ ጋሼ ዝም ብለዋል፣ ጠዋት እሷ ራሷ ፓስወርዱን ሰምታ ዝም ብላለች። ይሉኝታ የሚሉት ነገር ምንኛ ለበደለኛ ይመቻል!

እትዬ ንግስት ሽንኩርቱን ወደ ጎን ገፉት። ዓይናቸው እንባ አዝሏል፤ ከሽንኩርቱ ይሁን ከሌላ እንጃ። «ልጅ ናት እንግዲህ» አሉ። «ጓደኞቿ ይሆናሉ። ግን ካሰችዬ፣ አንቺስ ያኔውኑ እኔ አይደለሁም ብትዪን ምን ነበረበት?»

«ማን ጠየቀኝ፣ እትዬ?»

እትዬ ንግስት መልስ ያጣ ሰው እንደሚያደርገው ወደ ደግነት ዞሩ። አንድ ናፕኪን ሳቡ፣ ቤዛዊትን «ንገሪኝ» አሏት፣ አዲሱን ፓስወርድ ፊደል በፊደል ጽፈው በሁለት እጃቸው አቀረቡላት። ሽቦውንም አሁኑኑ ጋሼሽ ያወርድልሻል፣ ከሥራው ይቅር፣ ዘመድ አይደለን እንዴ አሉ። ካሰች ናፕኪኑን አየችው። ጠዋት ይሄን ቢሰጧት እጃቸውን ስማ ትቀበል ነበር። አሁንም ብትቀበለው ነገሩ ያልቃል፤ አምስት ሰዓት ሳይሆን ትጨርሳለች። እስከ መቼ? እትዬ ንግስት ሌላ ነገር እስኪሰሙ፣ ወይ ቤዛዊት ሌላ ነገር እስክታወርድ። አንድ ቀን ጠዋት ሐኪሙ ሊናገር አፉን ሲከፍት መስመሩ ይጠፋል።

«ፓስወርድ ይቀየራል እትዬ» አለች። «እኔ የምፈልገው ወረቀት ነው።»

«በዘመድ መሀል ወረቀት!»

«ዘመድ ብንሆን ኖሮ ደብዳቤው የመጣ ቀን ትጠሩኝ ነበር።»

ከዘንቢሏ ደብተር አወጣች፣ አንድ ገጽ ቀደደች፣ በእንግሊዝኛ ጻፈች። ለኢንተርኔት ድርጅቱም ደወለችና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ድምፁን ከፍ አደረገችው፤ ያ የጠዋቱ ሙዚቃ ኩሽናውን ሞላው። እየጻፈች ወደ አማርኛ እየመለሰች ለጋሼ ገብረየስ አነበበችላቸው፤ ያልገባዎትን አይፈርሙ አለቻቸው። ካሰች ከኤፕሪል አንድ ጀምሮ እስከ ኦገስት መጨረሻ በዚህ አድራሻ ቤዝመንቱን በወር ስድስት መቶ ዶላር ተከራይታለች። በስሟ የኢንተርኔት መስመር ብታስገባ እኔ የቤቱ ባለቤት ፈቅጃለሁ። ሠራተኛው ሲመጣ በር ይከፈትለታል። ቀኑ ሜይ ዘጠኝ። አራት ሰዓት ከሃያ አምስት። ጋሼ ገብረየስ መነጽራቸውን ደረት ኪሳቸው ውስጥ ፈልገው፣ አናታቸው ላይ አገኙት። እስክሪብቶ ያዙ፤ እንደ ልማዳቸው ሚስታቸውን ቀና ብለው አዩ።

እትዬ ንግስት ግን ከምድጃው ዘንድ ነበሩ። የትናንቱን ዶሮ አሙቀው፣ ሳህን ላይ አውጥተው፣ ካሰች አጠገብ መጥተው ቆሙ። «ቀኑን ሙሉ ምንም አልቀመሽም፤ ከንፈርሽ ደርቋል» አሉ። ዓርብም ቢሆን በሃምሳው ውስጥ ስለሆንን ጾም የለም አሉ። ጠቀለሉ፣ ከሥጋውም ከእንቁላሉም አድርገው፣ ትልቅ ጉርሻ፣ የትልቅ ሰው ጉርሻ፣ እጃቸውን ከሥር ደግፈው ወደ አፏ አመጡት። «እንኪ ካሰችዬ። በሞቴ። ተይው በቃ፣ ይለፍ። በሞቴ!»

ካሰች በዕድሜዋ ከታላቅ እጅ ጉርሻ መልሳ አታውቅም። እናቷ ብታይ መሬት ተከፍታ ትዋጠኝ ባለች። የዶሮው ሽታ አፏን በምራቅ ሞላው፤ ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። አፏን ግን አልከፈተችም። ዓይኗን ከጋሼ ገብረየስ እስክሪብቶ ላይ አልነቀለችም።

«መጀመሪያ ይፈርሙ፣ ጋሼ» አለች።

እትዬ ንግስት እጃቸው አየር ላይ ቆየ። ቆየና ወረደ፤ ጉርሻውን ሳህኑ ጫፍ ላይ መልሰው አኖሩት። ጋሼ ገብረየስ ፈረሙ። ካሰች ፎቶ አነሳች፣ ላከች። ሙዚቃው ተቋረጠና አንዲት ሴት መስመሩ ላይ መጣች፣ ደብዳቤው ደርሶናል፣ ሠራተኛ ነገ ጠዋት ይመጣል ብላ አሥራ አንድ አኃዝ ያለው የማረጋገጫ ቁጥር አነበበችላት። ካሰች እያንዳንዷን አኃዝ ጮክ ብላ እየደገመች ጻፈች፣ ለሥልጠና ኃላፊዋ በኢሜይል ላከችው፤ በማን ዋይፋይ እንዳትሉ፣ በገዛ ስልኳ ካርድ። አምስት ሰዓት ሊሆን አሥራ ስምንት ደቂቃ ይቀራል። ወረቀቱን አጥፋ ጡት መያዣዋ ሥር ከተተችው።

ከዚያ እጇን ታጠበች፣ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰች፣ የቀዘቀዘውን ጉርሻ በራሷ እጅ አንስታ ጎረሰች፤ ቆማ፣ ሦስቱም እያዩአት፣ አኝካ እስክትጨርስ። አላመሰገነችም።